የአኳሪየም ፊልተር ሲንገጫገጭና ጠብ ጠብ ሲል ምኑ ይቀየራል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው አዲስ አበባ ነው። 200 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አለኝ። ከሥሩ ካቢኔት ውስጥ የተቀመጠው የቻይና ካኒስተር ፊልተር (ውሃውን በቱቦ ስቦ፣ አጣርቶ የሚመልስ የታሸገ ዕቃ) አራት ዓመት ሠርቶልኛል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ይንገጫገጫል፤ የሚመልሰው ውሃ በግማሽ ቀንሷል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ካልነቀነቅኩት አይነሳም። ክዳኑ አካባቢም ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል። የሸጠልኝ ሰው ‹አልቆለታል፣ አዲስ ግዛ› አለኝ። መመሪያው ደግሞ ስፖንጁን በየወሩ ቀይር ይላል፤ እኔ አንድም ቀን ቀይሬው አላውቅም። ወንድሜ በሚቀጥለው ወር ከአሜሪካ ይመጣል። ምን ላስመጣ?»

አዲስ አይግዙ። ቢያንስ ፊልተሩን ከፍተው በዓይንዎና በጥፍርዎ እስኪፈትሹት ድረስ አይግዙ። ከዘረዘሯቸው ችግሮች ሦስቱ፣ ማለትም መንገጫገጩ፣ የፍሰቱ መድከምና መብራት ሲመጣ አልነሳ ማለቱ፣ መነሻቸው አንድ ነው፤ የአንዲት ትንሽ ሴራሚክ ዘንግና በእሷ ላይ የሚሽከረከረው ማግኔት መበላት። አራተኛው፣ ጠብ ጠቡ፣ ከክዳኑ ኦሪንግ ነው፤ ክዳኑን ከሚያሽገው የጎማ ቀለበት። ሁለቱም ተቀይረው ፊልተሩ ሌላ ብዙ ዓመት ሊሠራ ይችላል። ስፖንጁን በየወሩ አለመቀየርዎ ደግሞ ሳያውቁት የሠሩት ጽድቅ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ሰው ፊልተር ሲከፍት ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቆሻሻው ላይ ነው። ቡናማ ዝቃጭ የጠጣውን ስፖንጅ ያይና «ያለቀው ይሄ ነው» ብሎ ይጥለዋል። ነጭ ሆኖ የሚያብረቀርቀውን ዘንግ፣ ጥቁርና ጤነኛ የሚመስለውን ኦሪንግ ደግሞ አጥቦ መልሶ ይገጥመዋል። እኔ ፊልተር ለመጠገን ስጠራ አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው የዚህን ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚያምረው አልቋል፣ የሚያስጠላው ገና ወጣት ነው።

ፊልተርዎ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አንድ ብቻ ነው። ሞተር የምንለው፣ ሽቦ የተጠመጠመበት ክፍል፣ በሬዚን ተደፍኖ ክዳኑ ውስጥ ተቀብሯል። አይዞርም፣ ውሃም አይነካውም፣ ስለዚህ አይበላም። የሚዞረው አጠገቡ ባለው ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ፣ የጣት ውፍረት ያለው ማግኔት ነው። ጫፉ ላይ ውሃ የሚገፉ ክንፎች አሉት፣ በመሃሉ ዘንግ ያልፋል። ኢምፔለር ይባላል፤ ፕሮፔለር የሚለውም ብዙ ነው። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው። ማግኔቱ የመብራቱን ምት እየተከተለ በሰከንድ 50 ጊዜ፣ በደቂቃ 3000 ጊዜ ይዞራል። በቀን ሲሰላ 4,320,000 ዙር ነው፤ ያውም ለአራት ዓመት። ከክብሪት እንጨት ብዙም የማትወፍር ዘንግ ይህን ሁሉ ተሸክማ ብትበላ ምን ይገርማል?

መብራት ሲመጣ የማይነሳበትን ምክንያት ላስረዳ፤ ብዙ ሰው «ሞተሩ ተቃጠለ» ብሎ ደህናውን ፊልተር የሚጥለው በዚህ ምልክት ነውና። እንዲህ ያለ ማግኔት ከቆመበት ተነስቶ ወዲያው 3000 ዙር አይገባም። መጀመሪያ ወዲያና ወዲህ ይርገበገባል፤ ከዚያ ምቱን በያዘበት አቅጣጫ ይዞራል። ብዙ ትንንሽ ፓምፖች ላይ ክንፎቹ ቀጥ ያሉት ለዚህ ነው፤ ወደ ግራም ዞረ ወደ ቀኝ ውሃውን ይገፋሉ። ዘንጉ ሲበላ ግን ማግኔቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብልና የጉድጓዱን ግድግዳ ይፍቃል። እየዞረ እያለ የያዘው ፍጥነት ያሻግረዋል፤ አንዴ ከቆመ በኋላ ግን ተርገብግቦ የሚነሳበት ቦታ የለውም። እርስዎ ሲነቀንቁት የሚያደርጉት ማግኔቱን ከተለጠፈበት ግድግዳ ማላቀቅ ነው። የተቃጠለ ቢሆን እንኳን በመነቅነቅ በጸሎትም አይነሳም ነበር።

ፍሰቱ ብቻ ደክሞ ድምፁ ጸጥ ያለ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር። ያኔ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው ውስጥ የተጋገረው አረንጓዴና ቡናማ ዝቃጭ ወይም የታፈነ ስፖንጅ ነው፤ ረጅም የቱቦ ብሩሽ ይፈታዋል። ድካሙ ከመንገጫገጭ ጋር ከመጣ ግን ወደ ኢምፔለሩ ነው።

እንግዲህ ይክፈቱት። መጀመሪያ ሶኬቱን ይንቀሉ። የዲቫይደሩን ማብሪያ ማጥፋት ብቻውን አይበቃኝም፤ ማብሪያው የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ እጅዎ ደግሞ እርጥብ ነው። የመግቢያና የመውጫ መዝጊያዎቹን ይዝጉ፣ ቱቦዎቹን ከነመጋጠሚያቸው ከክዳኑ ያላቅቁና ፊልተሩን ባልዲ ውስጥ አድርገው ወደ መታጠቢያ ቤት ይውሰዱት። የጎን መቆለፊያዎቹን ፈተው ክዳኑን ያንሱ፤ ገልብጠው ፎጣ ላይ ያስቀምጡት። ከሥሩ የኢምፔለሩ ሽፋን ይታይዎታል። በብዙዎቹ ትንሽ አዙሮ ማንሳት ነው፤ በአንዳንዶቹ በጥፍር ይፈነቀላል። ከዚያ ክንፎቹን በሁለት ጣት ይዘው ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይሳቡ። የሆነ ነገር ከውስጥ መልሶ የሚጎትትብዎ ይመስልዎታል። አይደንግጡ፤ ሞተሩ ውስጥ ያለው ብረት ማግኔቱን ስለያዘው ነው። ሳያጣምሙ፣ ሳይቸኩሉ ይሳቡት።

ፒንሳ እንዳይነካው። ይህን የምለው ተቀጥቼ ነው። ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት ከአንድ ደንበኛ ፊልተር ያልወጣልኝን ዘንግ በፒንሳ ያዝኩት። ሴራሚክ ጠንካራ ነው፤ ጥፍርም አሸዋም አይጭረውም፣ ሲጎብጥ ግን እንደ ጠመኔ ነው። ቀጭ አለና ግማሹ እጄ ላይ፣ ግማሹ ጉድጓዱ ውስጥ ቀረ። ከሥር ያለው የጎማ መያዣ ነክሶታል፣ የሚያዝበት ጫፍ የለው። በመጨረሻ ክዳኑን ወደ ላይ ይዤ ጉድጓዱ ውስጥ ሙቅ ውሃ አፈሰስኩ (የፈላ አይደለም፣ እጅ የሚችለው)። ጎማው ለስለስ ሲል የአየር ፓምፕ ቀጭን ቱቦ ቁራጭ በስብራቱ ላይ ጫን አድርጌ ሳብኩት፤ ወጣ። ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ደንበኛው አጠገቤ ቆሞ ያይ ነበር።

ዘንጉ ከወጣልዎ በሶፍት ጠርገው ያድርቁትና ጥፍርዎን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሂዱበት። ጤነኛ ዘንግ ላይ ጥፍር እንደ ብርጭቆ ላይ ይንሸራተታል። የተበላ ከሆነ ከጫፉ ትንሽ ገባ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ስንክል ይላል። ወደ መስኮት ብርሃን ቀስ አድርገው ቢያሽከረክሩት እዚያ ቦታ ላይ ስስ ቀለበት የመሰለ ጉድጓድ ያያሉ። እዚያው ማግኔቱን ያንሱና ቀዳዳውን ይመልከቱ፤ ክብ መሆኑ ቀርቶ ወደ እንቁላል ቅርጽ ካደላ እሱም አልቋል። የማግኔቱን ጎን ይዳብሱ። አንድ ወገኑ ብቻ የተፋቀና የሚያበራ ከሆነ ግድግዳ ሲልስ ኖሯል። ሽፋኑ ተሰንጥቆ የዝገት ቀለም ካወጣ፣ ወይም አብጦ ጉድጓዱ ውስጥ በግድ የሚገባ ከሆነ፣ ያለ ምንም ክርክር ይጣላል። የቀሩት የዘንጉን ሁለት ጫፎች የሚይዙት ትንንሽ ጎማዎች ናቸው። የሽንብራ ፍሬ ያህል ስለሆኑ ማንም አያስባቸውም፤ ግን ሲደርቁ ዘንጉ ይላላል፣ መንገጫገጩም ከዚያ ይጀምራል። አንደኛው ጎማ ሽፋኑ ላይ፣ ሌላኛው ጉድጓዱ ታች ነው። ሲያጥቡ ከውሃው ጋር ፈስሶ ፍሳሽ ውስጥ እንዳይገባብዎ ወንፊት ያስቀምጡ። በፍሳሽ የሄደ ጎማ ስንት ጊዜ ፈልጌያለሁ መሰለዎት!

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ክንፉን በጣትዎ ሲያዞሩት ማግኔቱ ሳይነቃነቅ ግማሽ ዙር ያህል በባዶው ሊሄድ ይችላል። «ተሰብሯል» ብለው እንዳይጥሉት። ብዙዎቹ ሆን ተብለው እንዲህ የተሠሩ ናቸው፤ ማግኔቱ መጀመሪያ ያለ ሸክም ተነስቶ ይንደረደርና ከዚያ ነው ክንፉን የሚጎትተው። ተሰብሯል የሚባለው ክንፉ ማቆሚያ አጥቶ ዙሪያውን ሲሄድ ነው።

የሚቀየረውን ከመወሰንዎ በፊት ግን ለአቼቶ አንድ ዕድል ይስጡት። ዘንጉም፣ የማግኔቱ ቀዳዳም፣ ጉድጓዱም ኖራ ይይዛሉ፤ ኖራ ደግሞ የተበላ ዘንግ ያለውን ምልክት ሁሉ ያሳያል። አቼቶውን በውሃ እኩል በጥብጠው ክፍሎቹን ለሁለት ሰዓት ይንከሩ፣ በጥርስ ብሩሽ ይፈትጉ፣ በደንብ ያለቅልቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ እንደ ሠፈሩ ይለያያል። የለገዳዲ፣ የድሬና የገፈርሳ ግድቦች ውሃ የሚደርሳቸው ደንበኞቼ ቤት ኖራ ብዙም አያስቸግረኝም፤ የአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ የሚደርሳቸው ዘንድ ግን አቼቶ ሳልይዝ አልሄድም። የድሬዳዋ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም፣ ማንቆርቆሪያው ይነግረዋል። ከአቼቶው በኋላም ጥፍርዎ ስንክል ካለ ግን ዘንጉ በእርግጥ ተበልቷል።

ያኔ ዘንጉን፣ ሁለቱን ጎማና ኢምፔለሩን አንድ ላይ ይቀይሩ። አዲስ ዘንግ በተበላ ቀዳዳ ውስጥ ከገባ ከጥቂት ወር በኋላ እዚያው ነዎት። አብዛኛውን ጊዜም አንድ ላይ ታሽገው ነው የሚሸጡት። ሲገጥሙ ዘይትም ግሪስም እዚያ ቦታ አይቀቡ፤ የሚያለሰልሰው ውሃው ራሱ ነው። ለዚህም ነው ፊልተር ደረቁን፣ ለሙከራ ብሎም ቢሆን፣ የማይበራው።

ዕቃውን ለመግዛት ሲሄዱ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። በተጨማሪም ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር በስልክዎ ያንሱ፤ ቮልቱ፣ ኸርዙና ዋቱም እዚያው ተጽፏል። ከዚያ በካሊፐር (ውፍረትና ስፋት በሚለካው መሣሪያ) አራት ነገር ይለኩ፦ የዘንጉን ርዝመትና ውፍረት፣ የማግኔቱን ውፍረትና ርዝመት፣ የክንፉን ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ የክንፎቹን ቁጥር። አራት ብዬ ከዚያ በላይ ቆጠርኩ፤ ግድ የለም፣ ሁሉንም ይጻፉት። የቻይና ፊልተሮች አንዱ ፋብሪካ የሠራው በብዙ ስም ስለሚሸጥ ስሙ ባይገጥም መጠኑ ይገጥማል። መጠኑ ሳይገጥም ስሙ የገጠመ ግን ለምንም አይሆንም።

ወደ ወንድምዎ እንምጣ። ወንድም ከአሜሪካ ሲመጣ ሁሉም ነገር ከእሱ ሻንጣ ይጠበቃል፣ አውቃለሁ፤ ግን በዚህ ጉዳይ አሜሪካ የተሳሳተ አቅጣጫ ናት። እዚያ መብራቱ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ሙሉ ፊልተር ካመጣልዎ እኛ 220 ቮልት ሶኬት ላይ ሲሰኩት ይቃጠላል። «ትራንስፎርመር አደርግለታለሁ» የሚል አለ፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ለ60 የተሠራ ሞተር በ50 ላይ ሲሠራ ዙሩ ከ3600 ወደ 3000 ይወርዳል፣ ሽቦው ደግሞ ከሚገባው በላይ ይሞቃል። ኢምፔለሩን ብቻ ቢያመጣስ? ወጥመዱ እዚህ ነው። ለ60 ኸርዝ የሚሠራው ኢምፔለር ፈጥኖ ስለሚዞር ክንፉ አነስ ተደርጎ ይሠራል። የጀርመኑ ኤሃይም ለአንድ ሞዴል ለ50 እና ለ60 ኸርዝ የተለያየ ኢምፔለር የሚሸጠው ለዚህ ነው። የአሜሪካውን ትንሽ ክንፍ እኛ አገር ሲያስገቡት ልክክ ብሎ ይገባል፣ ጸጥ ብሎም ይዞራል፤ ውሃው ግን ቀጭን ሆኖ ይቀራል፣ ምክንያቱንም ሲፈልጉ ይከርማሉ። ዘመድ ካልዎት ከአውሮፓ፣ ከእስራኤል ወይም ከዱባይ ይሁን፤ እነሱ እንደኛው 50 ኸርዝ ናቸው። ከሳዑዲ የሚመጣውን ደግሞ መለያውን ሳያነቡ አይቀበሉ፤ ቮልቱ ከእኛ ጋር ቢገጥምም ሳዑዲ 60 ኸርዝ ነው።

ወንድምዎን ባዶ እጁን ይምጣ አላልኩም። ሁለት ነገር ያምጣ፦ አንድ ትንሽ ቱቦ ንጹሕ የሲሊኮን ግሪስና በጠብታ የሚሠራ የአሞኒያ መለኪያ። ሁለቱም ኸርዝ አይጠይቁም።

ግሪሱ ለኦሪንጉ ነው። ጠብ ጠቡ በትክክል ከየት እንደሆነ ለማወቅ ፊልተሩን ከነውሃው ውጭውን ያድርቁትና በመጋጠሚያው ዙሪያ ሶፍት ጠቅልለው አንድ ሰዓት ይጠብቁ፤ መጀመሪያ የረጠበው ቦታ ይነግርዎታል። ዙሪያው ላይ ከሆነ ትልቁ ኦሪንግ ነው። ከላይ፣ ቱቦዎቹ የሚገቡበት ላይ ከሆነ በመዝጊያው ውስጥ ያሉት ትንንሾቹ ቀለበቶች ናቸው፤ እነዚህን ማንም አያስታውሳቸውም። ትልቁን አውጥተው በሁለት ጣት ቆንጠጥ ያድርጉት። አዲስ ጎማ ክብ ነው፣ ሲለቁት ወዲያው ይመለሳል። ያረጀው ወደ ክዳኑ የዞረው ፊቱ ጠፍጥፎ እንደ ፓስታ ሆኗል፣ ሲያጎብጡትም ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያሳያል። ጠፍጣፋ ካልሆነ፣ ስንጥቅም ከሌለው፣ አይቀይሩት። የተቀመጠበትን ቦይ በጥጥ ይጥረጉ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት አዲስ ኦሪንግን ታሸንፋለች፤ ሰው ግን አሸዋዋን ትቶ መቆለፊያውን ይጫናል፣ እስኪሰበር።

ቫዝሊን አይቀቡ። ለአንድ ሳምንት ይሠራል፤ ከዚያ ከነዳጅ የተገኘ ቅባት ስለሆነ ብዙ ዓይነት ጎማ ያሳብጣል፣ ያላላል። ኦሪንጉ ሰፍቶ ከቦዩ አልገባም ካለዎት ቫዝሊን ሲበላ ኖሯል ማለት ነው። የሲሊኮን ግሪስ ግን አብዛኛውን የጎማ ዓይነት አይጎዳም፤ ጎማው እርጥብ መስሎ እስኪያበራ ብቻ፣ ስስ አድርገው። ወንድምዎ እስኪመጣ መጠበቅ ካልቻሉ የማኪያቶ ማሽን የሚጠግን ሰው ይፈልጉ። እነሱ ለምግብ የሚሆን የሲሊኮን ግሪስ ይይዛሉ፤ የመዝጊያዎቹን ትንንሽ ኦሪንጎችም በመጠን ከእነሱ ሳጥን ውስጥ ማግኘት ይቻላል። ይህን ያስተማረኝ አንድ የቡና ማሽን ጠጋኝ ነው፤ እኔ ለኦሪንግ ሶማሌ ተራን ስዞር የዋልኩ ቀን፣ በመጨረሻ ማኪያቶ ልጠጣ ገብቼ ያገኘሁት ሰው። ለትልቁ ኦሪንግ ግን የሞዴሉ ኦሪጅናል ይሻላል። ከርዝመት ጎማ ቆርጠው በሱፐር ግሉ የሚያገጣጥሙ አሉ፤ ለማሽን ሊሆን ይችላል፣ ከእንጨት ካቢኔትና ከዲቫይደር በላይ ለሚቀመጥ 200 ሊትር ውሃ ግን እኔ አላደርገውም። አዲሱ እስኪገኝ አሮጌውን ለአሥር ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ገልብጠው ቢመልሱት ለጥቂት ሳምንት ያቆይዎታል።

አሁን ስፖንጁ። የማጣሪያውን ሥራ የሚሠራው ስፖንጁ አይደለም፤ በላዩ የሚኖረው ነው። ዓሣዎ የሚያስወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። ስፖንጁና ከእሱ ጋር ፊልተሩ ውስጥ የሚቀመጡት የሴራሚክ ቀለበቶች ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። ናይትሬቱን እርስዎ ውሃ ሲቀይሩ ያወጡታል። ያ ቡናማ፣ የሚያዳልጥ ነገር ከፊሉ እነሱ ናቸው። ስፖንጁን በየወሩ መጣል በየወሩ ሠራተኞቹን አባርሮ ፋብሪካውን ክፍት እንደመተው ነው። እኔ ራሴ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ይህን ስህተት ሠርቻለሁ። ደንበኛው እንዲደሰት ብዬ ስፖንጁን ሁሉ በአዲስ ቀየርኩ፣ ቀለበቶቹን በቧንቧ ውሃ ነጭ እስኪሆኑ አጠብኩ። ገንዳው እንደ መስታወት ጠራ፣ ተመሰገንኩም። በሦስተኛው ቀን ተደወለልኝ። ስደርስ ጎልድፊሾቹ ውሃው ፊት ላይ ተኮልኩለው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ፣ የሚተነፍሱበት ስንጥባቸው ቀልቷል። ቀኑን ሙሉ ውሃ ስቀይር ዋልኩ፤ ሁለቱን ግን አላተረፍኳቸውም።

ስለዚህ ስፖንጁን ከገንዳው በቀዱት ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው ይመልሱት፤ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ አያግኘው። ነጭ እስኪሆን ድረስ አያጥቡት። የሚቀየረው ሲጨመቅ የማይመለስ፣ በጣት ሲነካ የሚፈርስ ሲሆን ነው፤ ጥሩ ስፖንጅ ለዓመታት እዚያ አይደርስም። ሲቀይሩም ግማሹን፣ ሌላውን ግማሽ ከወር በኋላ። የሴራሚክ ቀለበቶቹ ካልተሰበሩ አይጣሉም። ያለ ጭንቀት የሚጣለው ከላይ የሚቀመጠው ነጩ ጥጥ ብቻ ነው። ከሰል ካለው ከሰሉ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ውስጥ ኃይሉ ያልቃል፤ መድኃኒት ከውሃ ለማውጣት ካልሆነ በቀር ግን ባይኖርም ዓሣዎ አይጎዳም። ከሁሉ በላይ ኢምፔለርና ኦሪንግ በሚቀይሩበት ሳምንት ስፖንጁን አይንኩ። ፊልተሩ ክፍት ሆኖ በሚቆይበት ጊዜም ስፖንጁና ቀለበቶቹ በገንዳው ውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ይቆዩ፤ እንዳይደርቁ። የአሞኒያ መለኪያው ሥራ እዚህ ነው፤ ለሁለት ሳምንት በየሁለት ቀኑ ይለኩ፣ ዜሮ ካልሆነ ሩብ ያህሉን ውሃ ይቀይሩ፤ ክሎሪኑን አጥፍተው።

መብራት መጥፋቱን ካነሱት አይቀር፣ ከዘንጉ ሌላ አንድ ጉዳይ አለው። እነዚያ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ይተነፍሳሉ፤ ካኒስተር ደግሞ የታሸገ ዕቃ ነው። ውሃው ሲቆም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ካለው ከተማ በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ ስለዚህ በውጭ አገር ቪዲዮ ላይ የሚሰሙትን የሰዓት ገደብ ለእኛ አይውሰዱ። እኔ የምሠራበት ልማድ ይህ ነው፦ መብራቱ አንድና ሁለት ሰዓት ጠፍቶ ቢመጣ ምንም። ከአራት ሰዓት ካለፈ ግን ሶኬቱን እነቅላለሁ፤ ፊልተሩን ከፍቼ አሸታለሁ። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ያንን ውሃ ደፍቼ፣ ስፖንጁን በገንዳ ውሃ አለቅልቄ፣ ከዚያ ነው የማስነሳው። እርስዎ ቤት በሌሉበት ራሱ ተነስቶ ያንን ውሃ ገንዳው ውስጥ ከሚያፈስ ጠፍቶ ቢቆይ ይሻላል።

አዲስ ይግዙ የምልዎት ከሚከተሉት አንዱ ከተገኘ ብቻ ነው። ክዳኑን ገልብጠው የኢምፔለሩን ጉድጓድ በስልክዎ መብራት ይዩት። ግድግዳው ተሰንጥቆ ወይም አብጦ ከሆነ፣ ገመዱ ወደ ክዳኑ የሚገባበት ቦታ ተልጦ ከሆነ፣ ወይም እጅዎን ውሃው ውስጥ ሲያስገቡ አንድም ቀን ነዝሮዎት የሚያውቅ ከሆነ፣ አበቃ። ይህ በሙጫ፣ በፕላስተር፣ በጎበዝ ጠጋኝም አይመለስም። ገመዱን ቆርጠው ይጣሉት፤ ቆርጠው የምለው ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይሰካው ነው።

ያ ካልሆነ ይግጠሙት። ዘንጉ መጀመሪያ ታች ጎማው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ከዚያ ማግኔቱ ይውረድ (ጣትዎን እንዳይነክስዎ፣ ዘሎ ነው የሚገባው)፣ ከዚያ ሽፋኑ። በጣትዎ ክንፉን ሲያዞሩት እምብዛም ሳይከብድ፣ ከማግኔቱ ትንሽ ትንሽ መርገጥ ጋር ይዞራል። ፊልተሩን በገንዳ ውሃ ይሙሉት፣ ክዳኑን ይዝጉ፣ ተቃራኒ መቆለፊያዎችን ሁለት ሁለት አድርገው ይቆልፉ፤ አንዱን ጎን ጨርሰው ወደ ሌላው ከሄዱ ኦሪንጉ ይሸሻል። የገመዱ አንድ ቦታ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ ውሃ ገመዱን ተከትሎ ቢወርድ እዚያ ታች ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ሲያስነሱት ለጥቂት ደቂቃ ይንኮሻኮሻል፤ አየር ነው። ቀስ አድርገው ወደ ጎን ዘንበል ቀና ቢያደርጉት አረፋው በመውጫው ይወጣል። አንድ ሰዓት ቆይቶም ካልተወ ዘንጉ አልተቀመጠም፤ እንደገና ይክፈቱት።

ማታ ላይ ከፊልተሩ ሥር ደረቅ ጋዜጣ ያንጥፉና ይተኙ። ጠዋት ወረቀቱ ላይ ክብ ክብ እርጥበት ካለ በየትኛው ጎን እንደሆነ አይተው ያን በኩል ያለውን ቦይ እንደገና ይጥረጉ። ደረቅ ከሆነ ዋናውን መብራት አንዴ አጥፍተው መልሰው ያብሩት፤ ሳይነቀንቁት መነሳቱን ቆመው ይስሙ።